አምባሩ ውስጥ የተመታው «925» ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ የብር አምባር ስትመርጡ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩት። «925» የሚል ደቃቅ ቁጥር ተመትቶበት ይሆናል። ብዙ ሰው ክብደቱ ወይም ዋጋው ይመስለዋል። ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው፤ ቀሪው 75 አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው።

«ታዲያ ለምን ሙሉውን ብር አያደርጉትም?» ትሉ ይሆናል። ንጹሕ ብር ለስላሳ ነው። ሊጥ ስታቦኩ፣ እንስራ ስታነሡ፣ ከበር ስትጋጩ ይጎብጣል። የሚያጠነክረው መዳቡ ነው። አንጥረኞቻችን አቅልጠው አምባር፣ አልቦና ድሪ ሲሠሩበት የኖሩት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር እንኳ 833 ገደማ ነው። ስለዚህ የአያታችሁ አምባር «925» ስለሌለበት ሐሰተኛ አይባልም። ቁጥሩን ደግሞ ማንም ሊመታው ይችላል፤ እኔ በበኩሌ ከቁጥሩ ይልቅ የማውቀውን አንጥረኛ አምናለሁ።

ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። ካልሳበው ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ ናስና መዳብንም አይስብምና። «የጀርመን ብር» የሚባለውም ስሙ ነው እንጂ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው።

ለዘወትር ከሆነ ውስጡ ክፍት ያልሆነ ድፍን አምባር ያዙ፤ ክፍቱ አንዴ ከተረገጠ አይቃናም። መጥቆሩ አያስደንግጣችሁ፤ አየር ውስጥ ያለ ድኝ ነው የሚያጠቁረው። በለስላሳ ጨርቅ ሲወለወል ይመለሳል። በረኪና ግን አታስነኩት።