ከናሙና ወደ ጅምላ ምርት፦ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ፋብሪካ እስኪገባ

ናሙና የሚመልሰው ጥያቄ ዕቃው ይሠራል ወይ የሚለውን ነው። ጅምላ ምርት የሚጠይቀው ግን ማንም ሠራተኛ፣ በየትኛውም ፈረቃ፣ ከየትኛውም ካርቶን ባነሳው ክፍል ቢገጥመው ይሠራል ወይ ብሎ ነው። ናሙና የሚሠራ መሐንዲስ አልገጥም ያለውን ክዳን በሞረድ ያስተካክላል፤ የላላውን ሽቦ ደግሞ ይበይዳል። በምርት መስመር ላይ እንዲህ ያለ እርማት ሁሉ ጊዜ ይበላል። ከዋጋው ትልቁ ክፍል የሚወሰነው የዲዛይን ሥዕሉ ላይ ነው፤ በኋላ ከፋብሪካ ጋር ተከራክሮ የሚቀነሰው ጥቂት ነው።

የተለመዱት ደረጃዎች ሦስት ናቸው። ኢቪቲ (የምህንድስና ማረጋገጫ ሙከራ) በሚባለው ጥቂት ደርዘን ዕቃ ተሠርቶ የቦርዱ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚበየዱበት ሰሌዳ፣ እና የአካሉ ዲዛይን ይፈተሻል። ዲቪቲ (የዲዛይን ማረጋገጫ ሙከራ) ላይ ዕቃው የሚወጣው ከእውነተኛው ሻጋታና ቁስ ስለሆነ የመውደቅ፣ የሙቀት፣ የእርጥበትና የኤሌክትሮማግኔቲክ ሙከራ የሚካሄደው እዚህ ነው። በፒቪቲ (የምርት ማረጋገጫ ሙከራ) የሚፈተነው የምርት መስመሩ ነው፤ ጤነኛ ሆኖ የወጣው ዕቃ ለሽያጭ ይውላል። ኢቪቲን ዘሎ ሻጋታ ያዘዘ ቡድን ቦርዱ በአንድ ሚሊሜትር ቢሰፋበት ውድ ብረት እንደገና ለማስቆረጥ ይገደዳል።

የፕላስቲክ ሻጋታ ከመጀመሪያ ወጪዎች ከባዱ ነው። ወጪው ለ1,000 ዕቃ ሲካፈል ያናጋል፤ ለ50,000 ሲካፈል በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚያርፈው የዚያ ሃምሳኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ለጥቂት መቶ ዕቃ ስሪዲ ፕሪንተር ወይም የሲሊኮን ሻጋታ ይበቃል። በስሪዲ ፕሪንተር ያማረ ቅርጽ ግን ከብረት ሻጋታ ላይወጣ ይችላል። ግድግዳው 1 ወይም 2 ዲግሪ ያህል ካልዘመመ ፕላስቲኩ ሲወጣ ይፋቃል፤ ገጹ ሸካራ ከሆነ ዝንባሌው ከዚህም ይጨምራል። የግድግዳው ውፍረት ወጥ መሆን አለበት። ሪብ የሚባለው የውስጥ ማጠናከሪያ ከግድግዳው ውፍረት 60 በመቶ ካለፈ ፊት ለፊት ያለው ገጽ ይሰረጉዳል። ውፍረት ጊዜም ይፈጃል፦ ፕላስቲኩ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ በውፍረቱ ስኩዌር መጠን ስለሚያድግ 2 ሚሊሜትር የነበረው 3 ቢሆን ማቀዝቀዣው ከእጥፍ በላይ፣ 2.25 ጊዜ ይረዝማል። ልምድ ያለው ሻጋታ ሠሪ የመቆለፊያ ጥርሶችን መጀመሪያ ሆን ብሎ ያላላቸዋል፤ ከሻጋታ ብረት መቀነስ ቀላል ነው፣ መጨመር ግን ብየዳ ይጠይቃል።

በቦርዱ በኩል ቁጥሩ ጨካኝ ነው። አንድ ቦርድ 500 የብየዳ ነጥብ ቢኖረውና እያንዳንዱ 99.9 በመቶ ትክክል ቢሆን ያለ አንድ እንከን የሚወጣው ቦርድ 61 በመቶ ገደማ ነው። በመስመር ላይ ደረጃዎችን መደራረብም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዳቸው 98 በመቶ የሚያሳልፉ አሥር ደረጃዎች በመጨረሻ የሚያደርሱት 82 በመቶውን ብቻ ነው። ትንሽ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ክፍል) በአንድ ጫፉ ብድግ ብሎ የሚቆመው ብዙ ጊዜ አንዱ ጫፍ ከሰፊ መዳብ ጋር ተያይዞ ዘግይቶ ስለሚሞቅ ነው። መድኃኒቱ መዳቡን በቀጫጭን መስመሮች ማገናኘት ነው፤ ይህም ዲዛይን ላይ ምንም አያስወጣም። እርሳስ የሌለው ሶልደር (የመበየጃ ብረት) በ217 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥና ምድጃው ወደ 245 ስለሚደርስ የማገናኛዎቹ ፕላስቲክ ይህን መቻሉ አስቀድሞ ይረጋገጣል።

የክፍሎች ዝርዝር ሲዘጋጅ ለወሳኝ ክፍሎች ተተኪ ይመረጣል፤ አንድ የጠፋ ቺፕ መላውን መስመር ያቆማልና። ተተኪው በወረቀት ብቻ አይጸድቅም። ሁለት የሴራሚክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) በዝርዝሩ የተጻፈው አቅማቸው አንድ ሆኖ ሳለ በአካል ትንሹ የሆነው፣ ቮልቴጅ ሲጫንበት፣ ከግማሽ በላይ አቅሙን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ በዲቪቲ አብሮ ይፈተናል።

የፋብሪካ ፈተና የሚታቀደው ቦርዱ ሲሣል ነው። የመሞከሪያ ነጥቦች በአንድ ገጽ ቢሰበሰቡ ባለ ስፕሪንግ መርፌ ማቀፊያ በአንድ ጭነት ኤሌክትሪኩን ይለካል፣ ፕሮግራሙን ይጭናል፣ መለያ ቁጥሩን ይጽፋል። ፈተናው 1 ደቂቃ ቢወስድ አንድ ማቀፊያ በ8 ሰዓት 480 ዕቃ ያያል፤ 3 ደቂቃ ከወሰደ 160 ብቻ።

ሬዲዮ ላለው ዕቃ፣ ብዛቱ ትንሽ እስከሆነ ድረስ፣ አስቀድሞ የተመሰከረለት ሞጁል (ተዘጋጅቶ የሚገዛ የሬዲዮ ክፍል) ቢወደድም ይመረጣል፤ የምስክር ወረቀት ሙከራውን ያቀልላል። ሊቲየም ባትሪ ያለው ዕቃ ደግሞ ለማጓጓዝ የተመድ 38.3 ፈተናን ያለፈ ባትሪ ይፈልጋል።

ምርት ሲጀመር ሁለቱ ወገኖች የፈረሙበት የማመሳከሪያ ናሙና ፋብሪካውም ባለቤቱም ዘንድ ይቀመጣል። አቅራቢ የፕላስቲኩን ዓይነት ወይም የክፍሉን አምራች ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዳይቀይር ውሉ ይከለክላል። የተፈቀደ ለውጥ ሁሉ ከየትኛው መለያ ቁጥር እንደጀመረ ይመዘገባል፤ ይህ ከሌለ ተበላሽቶ የተመለሰ ዕቃ ከየትኛው ዙር እንደሆነ ስለማይለይ ጤነኛውም አብሮ ይሰበሰባል።