«ፓወር ሳፕላዩ አንሶ ነው» አይደለም! ስለሚጨፍሩ የገና መብራቶች በየዓመቱ የምሰማቸው ስህተቶች

ታንክስጊቪንግ የሚባለው የኖቬምበር የአሜሪካ በዓል ባለፈ በማግስቱ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቤቱን በሚጨፍር መብራት የሚያስጌጥ የእኛ ሰው በዝቷል። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። ጎረቤቱ ዲሴምበር 25ን አክብሮ መብራቱን ሲያወርድ የእኛ ቤቶች እስከ ጃንዋሪ 7 ያበራሉ። ልጆቹም ገና ገና እንዳላለፈ በራቸው ላይ ያዩታል። ሰው በለፋበት ገንዘብ የማይሆን ዕቃ ሲገዛ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። የሚነገረኝ ስህተት ደግሞ በየዓመቱ ያው ነው።

«ሳጥኑ ላይ 8 ዓይነት እንቅስቃሴ አለው ይላል፣ ስለዚህ ከሙዚቃ ጋር ይጨፍራል።»

አይጨፍርም። እንዲህ ዓይነቱ ገመድ ሙሉው ወይም ሁለት ሦስት ክፍሉ ባንድ ላይ ነው የሚታዘዘው። ብልጭ ድርግም ይላል፣ በቃ። ብርሃኑ ከጣራው ጫፍ ተነስቶ እየሮጠ ወደ በሩ እንዲወርድ ከፈለጋችሁ እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ መታዘዝ አለባት። ይኼኛውን ፒክስል እንለዋለን። በየፍሬዋ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች። በብዛት የምታገኟቸው ደብሊውኤስ2811 እና ደብሊውኤስ2812ቢ የሚባሉት ናቸው። ዳታው፣ ማለትም ኮንትሮለር የሚባለው ሳጥን የሚልከው ትዕዛዝ፣ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ድርሻዋን ታስቀርና የተረፈውን ለቀጣይዋ ታቀብላለች።

በሪባን መልክ የሚሸጠውን ስትገዙ መቁረጫው ጋ የተጻፈውን እዩ። ከቮልቱ ቀጥሎ «አር»፣ «ጂ»፣ «ቢ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ካሉ ሪባኑ ሙሉውን አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ነው የሚያሳየው። «ዲአይ» ወይም «ዲአይኤን» የሚል ካለ የዳታ መግቢያ አለው፣ ይጨፍራል። ይህን ሳያይ 20 ሜትር ገዝቶ የሚደውልልኝ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው፣ የሶኬቱን ኃይል ለመብራቱ ወደሚሆን ትንሽ ቮልት ወደሚቀይረው ሳጥን፣ ወደ ፓወር ሳፕላዩ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

«ጫፍ ላይ ያሉት ቀይ ሆኑ። ፓወር ሳፕላዩ አንሶ ነው፣ ትልቅ ልግዛ።»

እባካችሁ አትግዙ።

አምና አንድ ጋሼ ደወሉልኝ። ለልጅ ልጆቻቸው ብለው የጣራቸውን ጠርዝ በ300 ፍሬ አስጊጠውታል። ባለ 5 ቮልት ነው። ከፍሬ እስከ ፍሬ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጠቅላላው 30 ሜትር። ነጭ ሲያደርጉት መነሻው ወተት ይመስላል፣ መሃሉ ቢጫ ነው፣ ጫፉ እንደ በርበሬ ይቀላል። መጀመሪያ የገዙት ፓወር ሳፕላይ 40 አምፔር ነበር። የሸጠላቸው ሰው «አንሶ ነው» ብሎ 60 አምፔር አስገዛቸው። ጫፉ አሁንም ቀይ።

«ልጄ፣ ሦስተኛ ልግዛ ወይስ ልተወው?» አሉኝ።

«ምንም እንዳይገዙ ጋሼ፣ መጣሁ» አልኳቸው።

ሂሳቡን ተመልከቱት። አንዲት ፍሬ ሙሉ ነጭ ስትሆን ቢበዛ 60 ሚሊ አምፔር ገደማ ትወስዳለች፣ በውስጧ ላሉት ለቀይዋ፣ ለአረንጓዴዋና ለሰማያዊዋ መብራት ሃያ ሃያ። በ300 ሲባዛ 18 አምፔር ነው። የመጀመሪያው ባለ 40 አምፔር ከእጥፍ በላይ ይበቃ ነበር ማለት ነው! ችግሩ ያለው ሽቦው ላይ ነው። ከፍሬ ወደ ፍሬ የሚሄደው ሽቦ ቀጭን ነው፣ መንገዱ ደግሞ ረጅም። ቮልቱ በየሜትሩ ይቀንሳል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን በውሃ ያውቀዋል። ከአንድ ቀጭን ቧንቧ ሃያ ቤት ሲቀዳ መጨረሻ ያለው ቤት ጠብ ጠብ ብቻ ነው የሚደርሰው። ባለ 1,000 ሊትሩን ሮቶ እዚያው ቁመት ላይ በባለ 5,000 ብትቀይሩት መጨረሻ ላለው ሰው ምንም አይጨምርለትም። ወደ እሱ ሌላ መስመር መሳብ ነው ያለባችሁ።

መሰላል ላይ ወጥቼ ቴስተሬን አስነካሁ። መነሻው ላይ 5.1 ቮልት፣ ጫፉ ላይ 2.8። ቀይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ቀይዋ መብራት 2 ቮልት አካባቢ ይበቃታል፣ አረንጓዴዋና ሰማያዊዋ ግን ወደ 3 ቮልት ይፈልጋሉ። ቮልቱ ሲወርድ እነሱ ይደክማሉ፣ ቀይዋ ብቻዋን ትቀራለች። ዕቃው አልተበላሸም፣ ተርቦ ነው።

ጋሼ የገዙት ሁለተኛው ፓወር ሳፕላይም ሥራ አገኘ። አንዱን መነሻው ጋ፣ ሌላውን ጫፉ ጋ አደረግኳቸው። ከዚያ ከመነሻው ወፍራም ሽቦ ስቤ 100ኛዋ ፍሬ ላይ፣ ከጫፉ ደግሞ 200ኛዋ ላይ ቀጠልኩ። በየቅጥያው አንድ አንድ ፊውዝ ገባ። መሃል ላይ፣ 150ኛዋ ጋ፣ ፖዘቲቩን ቆረጥኩት። ኔጌቲቩንና ዳታውን አልነካሁም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ፓወር ሳፕላይ ስትጠቀሙ ፖዘቲቮቹ አይገናኙም፣ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። ኔጌቲቮቹ ግን የግድ መገናኘት አለባቸው። ዳታው የሚለካው ከኔጌቲቩ አንጻር ነው። እሱ ከተቋረጠ መብራቱ እንዳበደ ይንቀጠቀጣል፣ እናንተም ጥሩውን ገመድ ተበላሸ ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

ስናበራው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነጭ ሆነ። ጋሼ ግቢው ውስጥ ቆመው ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩ። የወጣው የሽቦና የፊውዝ ብቻ ነው።

ለባለ 5 ቮልት በየ50 እስከ 100 ፍሬ እንዲህ አዲስ ኃይል አስገቡ። ከመግዛታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ሥሩት። የቤቱን ጠርዝ ለኩ፣ ፍሬውን ቁጠሩ፣ ፓወር ሳፕላዩ የት እንደሚቀመጥ ምልክት አድርጉ። ቦታው ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ ነው ሁለት ጊዜ የሚያስከፍለው።

«በደንብ ደማቅ እንዲሆን መቶ በመቶ ላይ አድርገው።» ለምን? በጨለማ 30 በመቶ ከበቂ በላይ ነው። ጎረቤትም እንቅልፉን ይተኛል። የቮልት መውረዱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባለ 100 ፍሬ ገመድ መቶ በመቶ ሲበራ ጫፉ ላይ ከ1 ቮልት በላይ ሊያጣ ይችላል፣ በ30 በመቶ ግን ግማሽ ቮልት እንኳ አያጣም።

«ባለ 12 ቮልት ሁልጊዜ ይሻላል።» ለረጅም መስመር፣ አዎ፣ ቮልቱ ቢወርድም ይችላል። ግን ተራው ባለ 12 ቮልት ገመድ ትርፉን በሙቀት ያባክነዋል። በሪባን መልክ የሚመጣው ባለ 12 ቮልት ደብሊውኤስ2811 ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስት መብራት በአንድ ቺፕ ነው የሚያዘው። 60 መብራት ገዛሁ ስትሉ የምታዙት 20 ብቻ ነው። ለጣራ ጠርዝ አይከፋም። ፊት ወይም ጽሑፍ ለምታሳዩበት ሥራ ግን አትግዙት።

«ቀይ ሳዘው አረንጓዴ ይበራል፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው።» አይደለም። ኮንትሮለሩ ላይ የቀለም ቅደም ተከተሉን ቀይሩት፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«ጭራሽ አልበራም።» ሪባኑ ላይ ያለችውን ቀስት እዩ። ዳታ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

«ከመሃል ጀምሮ ጠፋ፣ ሙሉው ገመድ ተቃጠለ።» እሺ፣ ረጋ በሉ። ዳታ የሚሄደው በቅብብሎሽ ነው ብያለሁ። አንዷ ካላቀበለች ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ ይጨልማሉ። መጀመሪያ የጨለመችውን ፍሬና ከእሷ በፊት ያለችውን፣ እየበራች ያለችውን፣ ሁለቱንም ጠርጥሩ። ሰው ሁሉ የጨለመችውን ብቻ ይቀይራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የምትበራዋ ጋ ነው፣ የራሷን ተቀብላ ማቀበል ትታለች። ሁለቱን ቆርጣችሁ ቀይሩ፣ መልሳችሁ በይዱ፣ አለቀ። ለዚህ ብላችሁ ስትገዙ አንድ ትርፍ ገመድ ከዚያው ሻጭ ባንድ ጊዜ ውሰዱ። በኋላ የሚመጣው ነጩ ትንሽ ሊለይ ይችላል፣ ጣራ ላይ ደግሞ ያስታውቃል።

«ውሃ አይገባውም ተብሏል።» ሳጥኑ ላይ «አይፒ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ስንት ነው? አይፒ65 ዝናብና የውሃ ርጭት ይችላል። አይፒ67 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። አይፒ20 ከሆነ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው። ፍሬዋ ብትችልም ውሃ የሚገባው በማገናኛው ነው። እሱን በደንብ ግጠሙት፣ አፉን ወደ ታች አድርጉት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ፓወር ሳፕላይ ደግሞ ጭራሽ ለዝናብ አልተሠራም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ የሽቦው መውጫ ከሥር ይሁን።

«5 ቮልት ምን ያደርጋል?» ሲነኩት ምንም አያደርግም። ግን 60 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሳፕላይ ቀጭን ሽቦ ላይ ኮንታክት ከተፈጠረ ሽቦውን አቅልጦ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የሽቦው ላስቲክ ቀልጦ ጠርዙ ላይ ተጣብቆ በዓይኔ አይቻለሁ። ቤት ውስጥ ልጆች ተኝተዋል! በየቅጥያው ፊውዝ አድርጉ። ፓወር ሳፕላዩ ራሱ ደግሞ 120 ቮልት ነው የሚቀበለው። ውጭ ያለው ሶኬት ጂኤፍሲአይ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያጠፋው፣ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው መሆን አለበት። እሱን ሳላይ ሥራ አልጀምርም።

«ቀዩ ሽቦ ፖዘቲቭ ነው።» በቴስተር ሳትለኩ አትመኑ። የሽቦ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። መልኩ አንድ የሆነ ማገናኛ ውስጡ ተገላቢጦሽ ሆኖ አግኝቻለሁ።

«ይኼ ሁሉ ወጪ ለአንድ ገና ነው።» ለምን ሆኖ? ኮንትሮለሩ ቀለሙን እስከቀየረላችሁ ድረስ ገመዱ የእንቁጣጣሽም ነው። ጋሼ መብራታቸውን አላወረዱም። ሴፕቴምበር ላይ ጠርዙን አረንጓዴ፣ የበሩን ዙሪያ ደግሞ የአደይ አበባ ቢጫ አደረግንላቸው። ቢጫውን ለመሥራት ኮንትሮለሩ ላይ ቀዩንም አረንጓዴውንም 255፣ ማለትም እስከ መጨረሻው፣ ካደረጋችሁት ወደ ሎሚ ያደላል። ቀዩን 255፣ አረንጓዴውን 160 አካባቢ፣ ሰማያዊውን 0 አድርጉት። ያኔ አደይን ይመስላል።