የአጋዘን ቀንድ መቆፈሪያ ምንድን ነው?

በድንጋይ ዘመን ሰዎች ስለት የሚሠሩበትን ባልጩት ከመሬት የሚያወጡት ከአጋዘን ቀንድ በተሠራ መቆፈሪያ ነበር። “የጥንት ሰዎች ባልጩት ለማውጣት ሲሉ አጋዘኖችን በገፍ ፈጁ” የሚል አስተያየት ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። የጻፈው ሰው ክፉ ሐሳብ የለውም። ያሳሳተው “ቀንድ” የሚለው ቃል ነው፣ እኔንም ደጋግሞ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

አማርኛችን ለበሬው፣ ለዋልያውና ለአውሮፓው ቀይ አጋዘን አንድ ቃል ብቻ ይሰጣል። እኛ አገር አጋዘን የምንለው ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው እንስሳ ደግሞ ከአውሮፓው አጋዘን ጋር ቤተሰቡም አንድ አይደለም፤ በሬውና ዋልያው ወዳሉበት ወገን ይመደባል። የነዚህ ሁሉ ቀንድ ላዩ እንደ ጥፍራችን ኬራቲን፣ ውስጡ ከራስ ቅሉ የበቀለ አጥንት ነው። ኬራቲኑ ከአጥንቱ ሲላቀቅ ባዶ ይሆናል፤ ዋንጫ የሚሠራውም ከሱ ነው። እንስሳው ካልሞተ ዋንጫው የለም። የቀይ አጋዘን ቀንድ ግን ቅርንጫፍ ያለው ድፍን አጥንት ነው። ወንዱ በየዓመቱ ያበቅለዋል፣ ብርዱ አልፎ ጸደይ ሲገባ ይጥለዋል፣ ከዚያ ሌላ ያበቅላል። ጫካ ወርዶ መልቀም ነው እንጂ ማረድ አያስፈልግም።

በእንግሊዝ ኖርፎክ ውስጥ ያለውን ጥንታዊ የባልጩት ማውጫ፣ ግራይምስ ግሬቭስን እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2650 ገደማ ጀምሮ ከ400 በላይ ጉድጓዶች ተቆፍረውበታል፤ ጥልቆቹ 12 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። እዚያ ከተገኙት የቀንድ መቆፈሪያዎች አብዛኞቹ እንስሳው ራሱ የጣላቸው ናቸው። ይህ ግምት አይደለም፤ ግርጌያቸው ይናገራል። በራሱ የወደቀ ቀንድ ግርጌው ጎበጥ ብሎ ያልቃል፤ ከታደነ እንስሳ የተወሰደው ግን የራስ ቅል ቁራጭ ይዞ ይመጣል። (ግርጌው ተሰብሮ ከጠፋ ግን አፋችንን መያዝ አለብን። ከታደኑም የተወሰዱ አሉ፤ “ሁሉም የተለቀመ ነው” የሚለውም ያጋንናል።)

ሁለተኛው ስህተት መቆፈሪያውን “ዶማ” ብሎ መተርጎም ነው። ዶማ ሲባል አንባቢው ሰው ወደ ላይ አንስቶ ባልጩት ሲፈልጥ ይታየዋል። ባልጩት በቀንድ አይፈለጥም! የሚቆፈረው ባልጩቱን የከበበው ጠመኔ የሚባል ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ነው፣ እሱም ስንጥቅ አለው። ከቀንዱ ግንዱና የግንባሩ ቅርንጫፍ ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ተሰብረው ይወገዳሉ። ከዚያ የቅርንጫፉ ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ግርጌው በኩል ይመታል፣ ግንዱ ይጫናል፣ ጠመኔው ይፈነቀላል። የድንጋይ ካባ የሠራ ሰው ዲጂኖን ያውቃል፤ ይህም የዚያ ዘመን ዲጂኖ ነው። ሥራው መፈልፈልና መፈንቀል ነው፣ ጫፉም እንደ ዲጂኖ ይደንዛል። ዲጂኖ ግን አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ ይሳላል፤ ያለቀ ቀንድ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይጣላል። ለዚህ ነው ዛሬ በብዛት የምናገኘው። ቀንዱ ሥራውን የሚችለውም ለውጊያ የተፈጠረ አጥንት ስለሆነ ነው፤ ከሌላው አጥንት ያነሰ ማዕድን ስላለው ምት ሲያርፍበት ቶሎ አይሰበርም።

እ.ኤ.አ. በ1870 ዊልያም ግሪንዌል የተባለ ቄስ እዚሁ ግራይምስ ግሬቭስ ሲቆፍር ጠመኔ የለበሰ መቆፈሪያ አገኘ፤ ጠመኔው ላይ የቆፋሪው እጅ አሻራ ነበር። ከ4 ሺህ ዓመት በላይ ሲቆይ ማንም አልነካውም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ስለ ዕድሜ ካነሳን አይቀር፣ በካርቦን 14 (በአንድ ወቅት ሕይወት የነበረው ነገር ውስጥ የቀረውን ካርቦን በመለካት ዕድሜውን በሚያሳውቀው ዘዴ) ለመለካት ከከሰል ይልቅ ቀንዱን እመርጣለሁ። ከሰሉ የመጣው ከአሮጌ ዛፍ እምብርት ከሆነ እሳቱ ከነደደበት ቀን በመቶ ዓመታት ሊቀድም ይችላል። ቀንድ ግን በጥቂት ወራት አድጎ ያበቃል። ሰዎቹ ከዓመታት በፊት የወደቀ ቀንድ አንስተው ካልሆነ በስተቀር፣ የሚነግረን ጉድጓዱ የተቆፈረበትን ጊዜ ነው።