ፔንታኳርክ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ማለዳ፣ ዘንድሮ ፊዚክስ የጀመረችው የእህቴ ልጅ ቡና እየቆላች «ጋሼ፣ ፔንታኳርክን ያየው ሰው ከሌለ መኖሩን በምን አወቁ?» አለችኝ። ወሳኙ ጥያቄ እሱ ነው።

ስሙ ቀላል ነው፤ «ፔንታ» በግሪክኛ አምስት ነው። በአቶም እምብርት ውስጥ የሚገኘው ፕሮቶን፣ ኳርክ በሚባሉ ሦስት ጥቃቅን ቅንጣቶች ይሠራል። ፔንታኳርክ ግን አራት ኳርክና አንድ ፀረ-ኳርክ (የኳርክ ተቃራኒ መንትያ) አለው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ መሬይ ጌል-ማን እ.ኤ.አ. በ1964 ኳርክን ሲያስተዋውቅ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል ጠቁሞ ነበር።

ችግሩ፣ ፔንታኳርክ እንደተፈጠረ ይፈርሳል። መሣሪያው የሚያገኘው ስብርባሪውን ነው። ጀበናውን አነሳሁላት። ገበያ የሚወርድ አህያ ተደናቅፎ የጫነው ሸክላ ሁሉ እንክትክት አለ እንበል። ከመሃሉ አንዲት ሸክላ ሠሪ እኩል ክብደት አድርጋ የሠራቻቸው ጀበናዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ለሁለት ተሰበሩ። የቱ ገል ከየቱ እንደሚገጥም አናውቅም። ስለዚህ ሁለት ሁለቱን እያጣመርን እንመዝናለን። በስህተት የተጣመረው ክብደቱ እዚህም እዚያም ይበተናል። ከአንድ ጀበና የወጣው ግን ሁልጊዜ እዚያችው ቁጥር ላይ ያርፋል። ወረቀት ላይ ሲሰፍር እንደ መንዝ ሜዳ ከተዘረጋው መሃል አንድ ጉብታ ብቅ ይላል። (ፊዚክሱ ውስጥ የሚደመረው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ጉልበትና እንቅስቃሴም ይገባሉ።)

ጄኔቫ አጠገብ፣ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር በሆነው የቅንጣት ማፋጠኛ የተደረገው ይኸው ነው። ላምዳ-ቢ የሚባለው ቅንጣት ወደ ሦስት ሌሎች ቅንጣቶች፣ ማለትም ጄ-ሳይ፣ ፕሮቶንና ካኦን ሆኖ ሲበተን 26,000 ያህል ጊዜ ተመዘገበ። ጄ-ሳይና ፕሮቶኑ ሲጣመሩ ጉብታው ታየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሆነ። በ2019 መረጃው ሲበዛ አንዱ ጉብታ ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ አዲስም ተጨመረ። አዲሱ ከፕሮቶን በአራት እጥፍ ተኩል ገደማ ይከብዳል።

ጉብታ ግን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ጃፓን ውስጥ «ፔንታኳርክ አገኘን» ተባለ። ሌሎችም «እኛም አይተናል» አሉ። ብዙ መረጃ ሲሰበሰብ ጉም ሆኖ ቀረ። ለዚህ ነው «ተገኘ» ለማለት ጉብታው በአጋጣሚ የመፈጠር ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ እንዲሆን የሚጠየቀው። የ2015ቱ ከዚህም በብዙ ይጠነክራል።

አምስቱ በአንድ ከረጢት ታጭቀዋል ወይስ ሦስቱና ሁለቱ ለየብቻ ሆነው እንደ ጎረቤት ተጠጋግተዋል? ክርክሩ አልተዘጋም። የ2019ኞቹ ጉብታዎች ባለ ሦስት ኳርክና ባለ ሁለት ከሆኑ ሁለት ቅንጣቶች የክብደት ድምር ትንሽ ዝቅ ብለው ስለተገኙ፣ ሁለት ቅንጣቶች ሲተሳሰሩም ድምሩ ትንሽ ስለሚቀንስ፣ እኔ ወደ ጉርብትናው አደላለሁ።