ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለተመደባችሁ፦ አውቶቡስ ላይ የሚወራውና እውነቱ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጊቤን በረሃ እስክትሻገሩ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሲኒየር ስለ ግቢው የማይነግራችሁ ነገር የለም። ግማሹ ግን ውሸት ነው። ክፋት የለበትም፤ እሱም እንዲሁ ተነግሮት ነው።

«ጅማ የሐኪሞች ግቢ ነው።»
ስሙን ያስጠራው ሆስፒታሉ ስለሆነ ነው እንጂ በዕድሜ ታላቁ የግብርናው ኮሌጅ ነው። የጤናው ኢንስቲትዩት በ30 ዓመት ገደማ ያንሰዋል። ሁለቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም ነው። ኢንጂነሪንግ የሚማሩት ደግሞ ኪቶ ፉርዲሳ ነው። ሻንጣችሁን ከማውረዳችሁ በፊት የትኛው ግቢ እንደሆናችሁ አጣሩ።

«ኦሮምኛ ካልቻልክ አለቀልህ።»
ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። መርካቶ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም ትሰማላችሁ። ግን «አካም» ብሎ ሰላምታ የጀመረ ልጅ ባለሱቁ ፊት ላይ የሚያየው ፈገግታ ሌላ ነው፤ ተማሩት።

«ሲቢቲፒ ሽርሽር ነው።»
ሲቢቲፒ ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብታችሁ የምትማሩት የተግባር ትምህርት ነው። ነጥብ ያለው ሽርሽር ካለ፣ እሺ። በቡድን ሆናችሁ ሰፈር ውስጥ ትገባላችሁ፣ ቤት ለቤት መጠይቅ ትሞላላችሁ፣ የሰዉን ችግር ለይታችሁ መፍትሔ ታቅዳላችሁ። ጅማ የምትታወቀው በዚህ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው። ክላሱን የረሳ ተመራቂ እንኳ ቡና አፍልታ ያስተናገደችውን እናት አይረሳም።

«ኤግዚት ከወደቅክ የለፋህበት ሁሉ ገደል ገባ።»
ብዙ ልጅ እንቅልፍ የሚያጣው በዚህኛው ነው። ኤግዚት ማለት ከመመረቃችሁ በፊት የምትወስዱት የመውጫ ፈተና ነው። የሕግ ተማሪዎች ቀድሞም ያውቁታል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ግን በመንግሥትም በግልም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂው ሁሉ ይፈተናል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ካላለፋችሁ ዲግሪ አይሰጣችሁም፤ ይሄ እውነት ነው። ኮርሶቻችሁ ግን አይሰረዙም። ፈተናው እንደገና ሲሰጥ ተመዝግባችሁ ትቀመጣላችሁ።

የዚህ መንትያ የሆነ ሌላ ወሬም አለ፤ «ግሬድ ያለው አያሰጋውም» የሚል። ያሰጋዋል። ጥያቄው የሚወጣው ባለፉት ዓመታት ከተማራችሁት ዋና ዋና ኮርሶች ነው። ሌሊቱን ቸክሎ ኤ ያመጣ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ኮርስ ሲያየው እንግዳ ይሆንበታል። ሴሚስተሩ ባለቀ ቁጥር ሃንድአውቱን ለሱቅ መጠቅለያ የሚሰጠውንማ አታንሱት። አስቀምጡት፤ አልጋ ስር ቦታ አይጠፋም።

«ሪሜዲያል የወደቀ ሰው ቦታ ነው።»
አይደለም፣ በ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያውን ላላገኙ የሚሰጥ ማካካሻ ትምህርት ነው፤ ሁለተኛ ዕድል ነው። ያለፈ እንደማንኛውም ፍሬሽማን ይቀጥላል። ሲኒየር ሲሆን ማን በየት በር እንደገባ የሚጠይቅ የለም።

«ኮስት ሼሪንግ ፊርማ ብቻ ነው።»
ዕዳ ነው። የምግቡና የዶርሙ ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱም የተወሰነ ድርሻ ተደምሮ ከተመረቃችሁ በኋላ ይጠብቃችኋል። ካልዘጋችሁት ኦርጅናል ዲግሪ ለመውሰድ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። ስትፈርሙ ቁጥሩን አንብቡ፣ ኮፒውን ያዙ።

«ጃንጥላ አያስፈልግም፣ ዝናቡ ክረምት ብቻ ነው።»
ይሄን ያላችሁ ሰው ጅማ አልኖረም። መጋቢት ላይ ይጀምራል፣ ጥቅምት ላይም አይታመንም።