ራዶንና የቤት ሽያጭ በጅማ

ጅማ ላይ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ካርታውን፣ ቀጥሎ ምስጡን ያያል። ምሰሶውን በጣቱ ኳኳ ያደርጋል፣ የግድግዳውን ሥር እርጥበት በልቶት እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ይመለከታል፣ ክረምት ላይ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ጎረቤት ይጠይቃል። ከወለሉ ሥር ስለሚወጣው ራዶን ግን ጥያቄ አይነሣም። ደላላው ጋዝ ሲባል ትዝ የሚለው ሲሊንደሩ ነው።

ራዶን ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ነው። በአፈርና በዐለት ውስጥ ያለው ዩራኒየም እየፈረሰ ራዲየም ይሆናል፤ ከራዲየም ደግሞ ራዶን ይወጣል። ዋናው የራዶን ዓይነት፣ ራዶን-222፣ በ3.8 ቀን ገደማ ግማሹ ይፈርሳል። ሳንባን የሚጎዱት በዋናነት ራዶን ሲፈርስ የሚገኙት የፖሎኒየም (የሌላ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር) ቅንጣቶች ናቸው። ብዙ አገሮች ውስጥ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር መንስኤ የሚባለው ራዶን ሲሆን፣ የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው መነሻ ልክ በሜትር ኩብ አየር 100 ቤኬሬል (የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ) ነው፤ ይህ ካልተቻለም ከ300 እንዳይበልጥ ይመክራል።

የጅማ አካባቢ ዐለት እሳተ ገሞራ ወለድ ነው። ከዚህ ዓይነት ዐለት ጥቁሩ ባዛልት ዩራኒየሙ ጥቂት ነው፤ ነጣ ያለው ራዮላይት ግን ከእርሱ የበለጠ ይይዛል። ስለዚህ የጎረቤት ውጤት ለሌላው ቤት ዋስትና አይሆንም። የቤቱ አሠራርም ለውጥ ያመጣል። አሮጌው የጭቃ ቤት ወለሉ መሬት ወይም የተሰነጠቀ ሊሾ ስለሆነ ጋዙን ያስገባል፤ ነገር ግን በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ይተነፍሳል፣ በሩም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ይልቅ የሚያሳስበኝ ኮርኒሱ የተደፈነ፣ የአሉሚኒየም መስኮቱ ግጥም ብሎ የሚዘጋ አዲሱ ቪላ ነው።

የአጭር ጊዜ ምርመራ የሚደረገው ከ2 እስከ 7 ቀን በሚቀመጥ፣ ጋዙን የሚስብ ከሰል በያዘ ትንሽ ጣሳ ነው። ምርመራው ሊጀመር 12 ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ መስኮት ይዘጋል፣ በርም ለመግቢያና ለመውጫ ብቻ ይከፈታል። ጣሳው ከኩሽናና ከመታጠቢያ ርቆ፣ ከወለል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የጅማ በርጩማ ዝቅ ይልበታል፤ ጠረጴዛ ይሻላል። ቡና ሲፈላ በር ወለል አድርጎ ለሚከፍት ቤት ግን የሚስማማው ከ3 ወር እስከ ዓመት የሚቆየው የአልፋ ዱካ መለኪያ (ጨረሩ የሚተወውን ዱካ የሚመዘግብ) ነው፤ ዓመት ከቆየ የክረምቱንም የበጋውንም አየር ይይዛል።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት ሻጭ ቤቱን እንዲያስመረምር አያስገድድም፤ እንደ ኢሊኖይ ያሉ ግዛቶች ግን ሻጭ የሚያውቀውን የራዶን መረጃ ለገዢ እንዲገልጽ በሕግ ያዛሉ። የእንግሊዝ አሠራር ለእኛ ይቀርባል፦ ውጤቱ እስኪታወቅ ከዋጋው ጥቂት ገንዘብ ተይዞ ይቆያል፣ ጅማ ላይ ስም እስኪዞር ቀሪ ክፍያ ተይዞ እንደሚቆየው ሁሉ። በእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ገዢ ከፈለገ የራዶን ምርመራን እንደ አንድ የውል ቃል ማስገባት ይችላል።

ልኩ ከፍ ካለ መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የሊሾው ስንጥቅ ይደፈናል፣ ከወለሉ ሥር እስከ ጣሪያ በላይ ቱቦ ተዘርግቶ በፋን ይሳባል። ቤቱ ገና ሲሠራ ከሊሾው በፊት ጠጠርና ፕላስቲክ አንጥፎ ቱቦውን መቅበር ከሁሉም ይረክሳል። መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፤ ቢሆንም የቤቱ ሙቀት ቱቦውን ስለሚያሞቀው በውስጡ ያለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ጥቂት ጋዝ ይዞ መሄዱ አይቀርም።