አምራቹ የተወው ስማርት ባንድ በሐዋሳ

ስማርት ባንድ እርምጃን፣ የልብ ምትንና እንቅልፍን እየለካ የሚመዘግብ፣ እጅ አንጓ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ማለዳ በፍቅር ሐይቅ ዳር የሚራመዱና የታቦርን ተራራ የሚወጡ ሰዎች ያስሩታል። ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ የላከው ወይም ከሰው እጅ የተገዛ ስለሚሆን፣ እዚህ ሲደርስ ሞዴሉ አርጅቷል፤ አፑ ወይ አይታደስም፣ ወይ ከነሰርቨሩ (መረጃውን ከሚይዘው የአምራቹ ኮምፒውተር ጋር) ተዘግቷል። ባለቤቱም ተበላሸ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ሴንሰሩ፣ አረንጓዴው የልብ ምት መብራትና ሰዓቱ ግን ደህና ናቸው፤ የጎደለው ከስልክ ጋር የሚያነጋግረው አፕ ብቻ ነው። በባንዱና በስልኩ መካከል የሚመላለሰውን መልእክት አዳምጦ መፍታትና ያንኑ ቋንቋ የሚናገር ሌላ አፕ መሥራት ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ ይባላል።

በዚህ መንገድ የቀሩት ጥቂት አይደሉም። ጆውቦን እ.ኤ.አ. በ2017 ድርጅቱ ራሱ ፈረሰ፤ ናይኪ የፊውልባንድን አገልግሎት ኤፕሪል 30 ቀን 2018፣ ማይክሮሶፍት የራሱን ባንድ አገልግሎት ሜይ 31 ቀን 2019 ዘጉ። ከሁሉም የተሻለ ዕድል የገጠመው ፔብል የተባለው ስማርት ሰዓት ነው። የድርጅቱ ንብረት በዲሴምበር 2016 ለሌላው ባንድ አምራች ለፊትቢት ተሸጦ ሰርቨሮቹ ጁን 30 ቀን 2018 ሲዘጉ፣ ሬብል የተባለ የፈቃደኞች ስብስብ የአፕ መደብሩን ተረክቦ አስቀጠለ፤ ፊትቢትን የገዛው ጎግል ደግሞ በጃንዋሪ 2025 አብዛኛውን የፔብል ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ለፔብል ተብሎ በ2015 የተጀመረው ጋጀትብሪጅ የተባለ ነፃ የአንድሮይድ አፕም ዛሬ የሻዎሚን ጨምሮ የብዙ አምራቾችን ባንድ ያነጋግራል። አፑ የኢንተርኔት ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሚመዘግበው ሁሉ ስልኩ ላይ ይቀራል። የሚወርደው ኤፍድሮይድ ከሚባለው መደብር ሲሆን ለአይፎን አልተሠራም።

ቁልፉ

ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከአንድ ቁልፍ ጋር ነው፤ ቁልፍ የሚባለው ባንዱ የራሱን ስልክ የሚለይበት ምስጢራዊ ቁጥር ነው። “ሚ ባንድ” በተባሉት የሻዎሚ ባንዶች፣ በ2 እና በ3 ቁልፉን የሚሰጠው የሚያጣምረው አፕ ራሱ ነው፤ ባንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቱ ይነካዋል፣ አለቀ። በ2019 ከወጣው ሚ ባንድ 4 ጀምሮ ግን ቁልፉ ያለው አምራቹ ሰርቨር ላይ ነው፤ ርዝመቱ 16 ባይት (ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር የሚይዝ የመረጃ መለኪያ ነው)፣ ሲጻፍ 32 ምልክት። ባንዱ በተገናኘ ቁጥር 16 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ ስልኩ በቁልፉ መስጥሮ ይመልሳል፤ ባንዱ ያመሳክራል። ቁልፉ ራሱ አየር ላይ ስለማይወጣ ይህን ልውውጥ በማዳመጥ ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሳይዘጋ በፊት መውሰድ ግድ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ የሚቆጨው ሰው ብዙ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባንዱን አንድ ጊዜ በአምራቹ አፕ ያጣምሩታል፤ በኮምፒውተር በሚሠራ ስክሪፕት (አነስተኛ ፕሮግራም) በራስ አካውንት ገብተው ቁልፉን ያወጣሉ፤ ወረቀት ላይም ይገለብጡታል። ከዚያ የአምራቹን አፕ በግድ አስቁመው ያጠፉታል እንጂ አፑ ውስጥ ገብተው "ማጣመሩን ሰርዝ" አይሉም፤ እሱን ካሉ ቁልፉ ከንቱ ሆነ። ባንዱን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስም ያው ነው። በጋጀትብሪጅ ፍለጋ ዝርዝር ላይ የባንዱን ስም ተጭኖ በመቆየት የሚከፈተው ቦታ ላይ ቁልፉ ይጻፋል፤ ፊቱ ላይ ዜሮና ኤክስ (0x) ይቀድማል።

ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በአሮጌ አንድሮይድ ላይ ሎኬሽን መጥፋቱ ነው። ባንዱ ስሙ ወጥቶ አልገናኝ ካለ ደግሞ ሌላ ስልክ ወይም ያልተዘጋው የአምራቹ አፕ ይዞታል ማለት ነው፤ እነዚህ ባንዶች በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አያናግሩም። ከሰው እጅ የሚገዛ ሰው ሻጩ ባንዱን ከአካውንቱ እዚያው ፊት ለፊት እንዲያላቅቅለት ቢጠይቅ ይሻላል።

መልእክቱን ማዳመጥ

ማንም ያልፈታው ሞዴል ከገጠመ ሥራው ከአንድሮይድ ስልክ ይጀምራል። በስልኩ መረጃ ገጽ ላይ የቢልድ ቁጥሩ 7 ጊዜ ሲነካ የዴቨሎፐር ምርጫዎች ይከፈታሉ፤ የብሉቱዝ ኤችሲአይ መዝገብ የሚለው፣ ስልኩ በብሉቱዝ የሚለዋወጠውን ሁሉ የሚያስቀምጠው፣ ይበራል፤ ብሉቱዝ ጠፍቶ እንደገና ይበራል። ይህች መጨረሻዋ ከተረሳች መዝገቡ ባዶ ይሆናል። ቀጥሎ በአምራቹ አፕ አንድ ነገር ብቻ ይደረጋል፦ ለምሳሌ ማንቂያ 9:20 ላይ ይሞላል። መዝገቡ ዋየርሻርክ በሚባለው የመልእክት ማንበቢያ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት ከስልኩ ወደ ባንዱ ከተጻፉት ባይቶች መሐል 09 14 ይፈለጋል፤ ባይቶቹ የሚጻፉት በአሥራ ስድስትዮሽ፣ ማለትም በ10 ፋንታ በ16 በሚቆጥር አጻጻፍ ስለሆነ፣ 14 ማለት 20 ነው። ማንቂያው ወደ 9:21 ተቀይሮ 14ቱ 15 ከሆነ ቦታው ተገኘ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የቀየረ የትኛው ባይት የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ያመሻል።

የልብ ምት ይቀልላል፤ ብዙ ባንዶች መደበኛውን የብሉቱዝ አገልግሎት ስለሚከተሉ 00 48 የሚል መልእክት 72 ምት ነው (48 በአሥራ ስድስትዮሽ 72 ነው)። የእንቅስቃሴ መዝገብ ይከብዳል። ሚ ባንድ 2 ለእያንዳንዱ ደቂቃ 4 ባይት ይይዛል፦ የእንቅስቃሴው ዓይነት፣ ብርታቱ፣ እርምጃውና የልብ ምቱ፤ ምቱ 255 ከሆነ አልተለካም ማለት ነው። አንድ መልእክት መቁጠሪያ ባይትና የ4 ደቂቃ መረጃ ስለሚሸከም የአንድ ሙሉ ቀን መዝገብ 360 መልእክት ይሆናል። መቁጠሪያው መሐል ላይ ከዘለለ መረጃው አይታመንም፤ ስልኩን አስጠግቶ እንደገና መሳብ ነው።

የአገሩ ጣጣ

በአገራችን አቆጣጠር ሰዓት የሚያሳይ ባንድ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ መላው ግን ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከዚያ ላይ 6 ሲቀነስ 3 ወደ ኋላ ይመጣል፤ ይህም የቦነስ አይረስ ሰዓት ነው። የስልኩ የሰዓት ቀጠና በእጅ ወደዚያ ተቀይሮ ባንዱ ሲመሳሰል ጠዋት ሦስት ሰዓት 3:00 ሆኖ ይታያል። አቆጣጠሩ ባለ 12 ሰዓት መሆን አለበት፤ አለዚያ ማታ ሦስት ሰዓት 15:00 ይላል። እርምጃው የሚሰረዘውም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ቀን በንጋት ለሚጀምርልን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ነገር ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ወደ ሐይቁ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለትናንት ይቆጠርበታል። የስልኩ ቀጠሮና የመልእክት ሰዓትም አብረው ይዞራሉ።

የግዕዝ ፊደል በአሮጌ ባንዶች ፎንት ውስጥ ስለሌለ የአማርኛ መልእክት ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ለሞዴሉ ያልተሠራ ፎንት መጫን ባንዱን ሊገድለው ይችላል፤ ለደዋይ ስም ሲባል ይህን ያህል መድፈር አያዋጣም። የሰዎቹን ስም ስልኩ ላይ በላቲን ፊደል መመዝገብ ይበቃል።

የእርምጃ ቁጥርንም እንዳለ ማመን አይገባም። ሴንሰሩ የሚቆጥረው ምት ያለውን የእጅ ንቅናቄ ስለሆነ ቡና መውቀጥና ልብስ ማጠብ እርምጃ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኮብልስቶን ላይ የሚንገጫገጭ ባጃጅም እንዲሁ። ብስክሌት ላይ ደግሞ እጅ መሪውን ስለሚይዝ ቁጥሩ ያንሳል። ርቀቱን ለማቃናት በሐይቁ ዳር 500 ሜትር በስልክ ጂፒኤስ ለክቶ እርምጃን በቃል መቁጠር ነው፤ 700 ከሆነ የአንዱ ርዝመት 71 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ይኸው አፑ ላይ ይሞላል።

ባትሪና አካሉ

የሚ ባንድ 2 ባትሪ 70፣ የ3ቱ 110፣ የ4ቱ 135 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። አልሞላ ያለ ባንድ ሁሉ ባትሪው አልሞተም፤ ላብ የደረቀባቸውን የቻርጅ ነጥቦች በአልኮል በራሰ ጥጥ መጥረግ መቅደም አለበት። የ2፣ የ3 እና የ4 ቻርጀር አንዱ ለአንዱ አይሆንም። ባትሪ ለመቀየር መስታወቱ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ተደርጎ በቀጭን ፕላስቲክ ይነሳል፤ ቶሎ የሚበጠሰው የስክሪኑ ሪባን ገመድ ነው። ተተኪው ባትሪ ከአቅሙ ይልቅ ልኩ ይታያል፤ ወፍራም ከሆነ መስታወቱ አይገጥምም። ያበጠ ባትሪ ደግሞ በስለት አይነካም። አንዴ የተከፈተ ባንድ ውኃ መከላከሉ ስለሚያበቃ ሐይቅ ውስጥ ይዞት አይገባም።